ለየሰዉ የየራሱ ጥያቄ

ዛሬ ዛሬ ምግብ ቤት በር ላይ የሚቆም ሰው የሚያውቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት ናችሁ?» መልሱን በጣቱ ስክሪን ላይ ይነካና ሰዉን ወደ ጠረጴዛ ይነዳል። በግ ነው እንዴ የሚቆጠረው? መርፌ የሚሏት ሴት ይህን ባየች ቁጥር ከንፈሯን ትመጥጣለች። እሷ ሥራ የተማረችበት በር ላይ «ስንት ናችሁ» ማለት ነውር ነበር። አንዴ አምልጧት ብትል በሩን የያዙት እማማ ክንዷን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዷት።

«ዓይን የተሰጠሽ ለጌጥ ነው? ብቻውን የመጣን ሰው በሰው ፊት ‹አንድ ነኝ› ልታሰኚው ነው? በዓይንሽ ቁጠሪና ዝም በይ።»

ያ ቤት ዛሬ የለም። ያን ጊዜ ግን ሁለት መንገዶች በሚገናኙበት ጥግ ላይ ነበር፤ ሁለት ክፍል፣ አሥራ አራት ጠረጴዛ፣ ሲከፈት እንደ ወገብ በሽተኛ የሚያቃስት የመስታወት በር። ክረምት ሲሆን የሾርባ ሽታና የረጠበ ጃንጥላ ሽታ ተቀላቅሎ ይቀበልሃል። የቤተሰብ ምግብ ቤት ሲባል በሁለት ወገን እውነት ነበር፤ የሚበሉትም ቤተሰብ፣ የሚያበሉትም ቤተሰብ። እናቲቱ፣ አገር ምድሩ «እማማ» የሚላቸው፣ በር ላይ ናቸው። ልጃቸው፣ ሠራተኛው «ጋሼ» የሚለው፣ ቤቱን ያስተዳድራል፤ ሲጨንቀው ደግሞ ሳህን ያመላልሳል። ሼፉ የእማማ የእህት ልጅ ነው፤ አስተናጋጆቹም ዘመድ ናቸው። ከዘር ማንዘራቸው ውጪ የተቀጠረችው መርፌ ብቻ ነበረች፤ ያውም ሜኑ ለመያዝና ጃንጥላ ለመስቀል።

ስሟንም ያገኘችው እዚያው ነው። በመጀመሪያው ቀን ሼፉ ከወጥ ቤቱ መስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «አንቺ ቀጭኗ፣ በሩ ሲከፈት ነፋስ እንዳይወስድሽ» አላት።

«ነፋስ የሚወስደው ገለባ ነው፤ አንተ መስኮትህን ዝጋ» አለችው።

«እረ ይቺስ መርፌ ናት!» ብሎ ጮኸ። በቃ፤ መርፌ ሆና ቀረች።

እማማ በር ላይ የሚሠሩትን ሥራ ለማስረዳት «እንግዳ ተቀባይ» የሚለው ቃል አይበቃም። በራቸውን ለሚያዘወትር ሰው ሁሉ አንድ አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤ የራሱ፣ ለሌላ የማይጠየቅ። ጉልበቱን የሚያመውን ፖስተኛ «ጉልበትህስ፣ ዛሬ የቱ ነው?» ይሉታል። የጥርስ ሐኪሟን ስለ እናቷ ድመት። የታክሲ ነጂውን፣ «መኪናዋ ዛሬ በሰላም ተነሣች?» ሁለቱን ላጤ እህትማማቾች፣ «ዛሬ ያኮረፈችው የቷ ናት?» ሰው ጥያቄውን ሳይጠየቅ አይቀመጥም ነበር። እማማ ስልክ ይዘው ከሆነ ቆሞ ይጠብቃል። ሼፉ ጠግቦ ሲያወራ «ሰው የሚመጣው ለእኔ ሾርባ ነው» ይላል እንጂ፣ ሾርባውማ ከመንገዱ ማዶም ነበረ።

ጥያቄው ደግሞ ሕግ አለው። እንዲያው «ጤና ይስጥልኝ፣ ደህና ናችሁ» የከንፈር ወግ ነው፤ አይቆጠርም። ሰውየው በሆዱ ይዞት የሚዞረውን ነገር መንካት አለበት። ሕይወቱ ሲለወጥም ይለወጣል። «ጥያቄ እንደ ልብስ ነው» ይሉ ነበር እማማ፤ «ሰውየው ያድጋል፣ ይከሳል፣ ይወፍራል። አሮጌውን አለብሰዋለሁ ብትይ ወይ ይጠበዋል ወይ ይሰፋዋል።»

መርፌ በስድስት ወር ውስጥ መቶ አርባ ጥያቄ በቃሏ ያዘች። ማንም አልጠየቃትም፤ ራሷ ናት ያጠናችው። ሜኑ እየወለወለች ታዳምጣለች፣ ወደ ቤቷ ስትሄድ በመንገድ ላይ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ትደግማለች። በልቧ ያለው ደግሞ ግልጽ ነበር፤ አንድ ቀን ያ በር የእኔ ይሆናል።

እንግዲህ አንድ ክረምት ላይ እማማ የጥርስ ሐኪሟን «ጉልበትሽስ?» አሏት። ሐኪሟ ስቃ አለፈች። በሳምንቱ የታክሲ ነጂው ገባ፤ እማማ ለሰላምታ እጃቸውን አነሡ፣ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ዓይናቸው የሰውየውን ፊት ይዞራል፤ የጠፋ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው። መርፌ ሜኑውን ወደ አፏ አስጠግታ፣ እየወለወለች፣ «መኪናዋ» አለች፤ በሹክሹክታ።

«መኪናዋስ፣ ዛሬ በሰላም ተነሣች?» አሉ እማማ፤ ቅጽበት ሳይሞላ።

አልተያዩም። ምንም አልተባባሉም። በማግሥቱም እንደዚያው፤ «ድመት»፣ «ጉልበት»፣ «ኩርፊያ»። እማማ ከፊት፣ መርፌ ከኋላ፣ ሜኑው በአፍ ላይ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሙሉ በዚህ ሁኔታ ሲሠሩ አንድም ቀን ስለ ነገሩ አልተነጋገሩም። እማማ ኩሩ ናቸው፤ መርፌም ብትሆን ኩራቷን ከገበያ አልገዛችውም። መርፌ ዛሬ ያንን ጊዜ ስታስበው፣ ከሰው ጋር ያን ያህል ተግባብታ የሠራችበት ዘመን ትዝ አይላትም።

ጋሼ አላወቀም። ግን የቤታቸውን ቁልፍ ከማቀዝቀዣ ውስጥ ያገኘ ዕለት ጠዋት፣ ምግብ ቤቱ ሳይከፈት መርፌን ለብቻዋ ጠራት።

«እናቴን እያት» አላት። «ቤት ውስጥ መርሳት ጀምራለች። በር ላይ አንድ ቀን ከተሳሳተች ግን በሰው ፊት እንድትዋረድ አልፈልግም፤ በቃ፣ ቤቷ ትቀመጣለች። ያን ጊዜ በሩ ያንቺ ነው። ከአንቺ ሌላ ለማን እሰጠዋለሁ?»

 የምትፈልገውን በሳህን አቅርበውላታል፤ የሚቀርብላት ግን የእማማ ውድቀት ሲደርስ ነው። እማማ ደግሞ ያለ በሩ ምን እንደሚሆኑ ታውቃለች። አንድ ቀን ጃንጥላ እያራገፉ የነገሯት አለ፤ «ባሌ በሞተ በሳምንቱ እዚህ ቆምኩ። አርፈሽ ተቀመጪ አሉኝ። ተቀምጬ ግድግዳውን ምን ብዬ ልጠይቀው?» መርፌ ሹክሹክታዋን ቀጠለች። ማታ ማታ ግን በሩ የእሷ የሆነበትን ቀን አላሰበችም ብትል ውሸቷን ነው።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ እሑድ ነው፤ ከሁሉ ቀን ሰው በሚበዛበት። ጠዋት ሠራተኛው ተሰብስቦ ቁርስ ሲበላ፣ መርፌ እንደ ዋዛ፣ «እማማ፣ ዛሬ ሰዓት ሠሪው ይመጣሉ። ጥያቄያቸው አበቦቹ ናቸው፤ አይርሱ» አለች።

ሰዓት ሠሪው እሑድ እሑድ የሚመጡ ሽማግሌ ናቸው። አራት ዓመት ሙሉ ጥያቄያቸው «ባለቤትህ ተሻላት?» ነበር። ባለቤታቸው ከሦስት ወር በፊት አረፈች። ከቀብሩ መልስ አዲሱን ጥያቄ የመረጡላቸው እማማ ራሳቸው ናቸው፤ ሟቿ በረንዳ ላይ የተወቻቸውን አበቦች ሰውየው ይንከባከቡ ስለ ነበር፣ «አበቦቹ ውሃ አገኙ?» መርፌ ያሳሰበችው በቅን ልብ ነው። ጥፋቷ ጮክ ማለቷ፣ ያውም ሼፉና አስተናጋጆቹ ባሉበት።

የእማማ ኩባያ ጠረጴዛው ላይ ቋ አለ።

«አንቺ ነሽ እኔን የምታስታውሺኝ? እኔ ይህን በር ስይዝ እናትሽ አልተዳረችም ነበር! ሜኑ ተሸካሚ ነሽ። ሜኑሽን ተሸከሚ።»

ሼፉ አፉ ውስጥ ያለው ዳቦ እስኪያንቀው ሳቀ። «ዛሬስ መርፌያችን ተጣመመች!»

ፊቷ በርበሬ መሰለ። የምትመልሰው ቃል ጠፍቶባት አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ቃሉን አልተፋችውም፣ ዋጠችው፤ የተዋጠ ቃል ደግሞ ይመርዛል። «እሺ። እሸከማለሁ» አለች። በልቧም ማለች፤ ዛሬ ከዚህ አፍ አንዲት ቃል አትወጣም። ያለ እኔ ይሞክሩት።

ሲጀምሩ ማለፊያ ነበር። እማማ እንደ ልማዳቸው ሳቁ፣ ትከሻ ነኩ፣ ሕፃን ሳሙ፤ ጥያቄው ሲጠፋቸው በጨዋታ አለፉት። መርፌ ሜኑዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። ሁለት ጊዜ እማማ ራሳቸውን ትንሽ ወደ ኋላ መለስ አደረጉ፤ ጆሯቸውን አቀበሏት። አላየሁም አለች።

ሰባት ሰዓት ላይ ሰዓት ሠሪው ገቡ፤ ኮታቸው ተተኩሷል፣ ብቻቸውን ናቸው። እማማ እጃቸውን አነሡ። እጃቸው አየር ላይ ቆየ። ቆየ። መርፌ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ጥርሷን ነከሰች። ከዚያ የእማማ ፊት በራ፤ አግኝተውታል።

«ባለቤትህ ተሻላት?»

 በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሁሉ ቀብሩ ላይ የነበሩ ናቸው። አንዲት ሴት ማንኪያዋን በአየር ላይ እንደያዘች ቀረች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ያን ጊዜ ቅቤ ቢፈስስም ምን ሊረዳ!

ሰዓት ሠሪው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ተሽሏታል፣ እማማ» አሉ። «አሁንስ ምንም አያማት።»

«እሰይ! ሰላም በልልኝ» አሉ እማማ ደስ ብሏቸው።

ጋሼ ሁለት ሳህን እንደያዘ መሐል ወለል ላይ ቆሞ ሰምቷል። ሳህኖቹን ያገኘው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መጣና የእናቱን ክንድ በቀስታ ያዘ። «እማዬ፣ አንዴ ወጥ ቤት ነይ።» እማማ የሰዉን ፊት አዩ፤ ከአንዱ ወደ አንዱ። ከዚያ ወደ መርፌ ዞሩ። በሁለት ዓመት ከአራት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ጠየቋት።

«ምን አልኩ? መርፌ፣ ምን አልኩ?»

መርፌ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።  ጋሼ እናቱን ይዞ ገባ።

በሩ የእሷ ሆነ። አራት ሰው ገባ፤ ጥያቄያቸውን አንድም ሳትስት ጠየቀች። እነሱም መለሱላት፤ ግን ዓይናቸው በትከሻዋ ላይ አልፎ ሌላ ሰው ይፈልጋል። አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል ያለችው ቀን አፏን መረራት። ሜኑ ይዛ ወደ ሰዓት ሠሪው ጠረጴዛ ሄደች።

ሰዓት ሠሪው ሜኑውን ሳይከፍቱ፣ «ዛሬ ምነው፣ ጉሮሮሽን አመመሽ?» አሏት።

«ምን?»

«ሌላ ቀን ታንሾካሹኪ አልነበረም እንዴ?»

 «ይሰሙኝ ነበር?»

«አርባ ዓመት የሰዓት ልብ ሳዳምጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንቺን አልሰማ? ደግሞስ እኔ ብቻ መሰልኩሽ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ። ፖስተኛው ግማሽ ደንቆሮ ነው፤ እሱ እንኳ ‹ጉልበት› ስትይ ይሰማሻል። አንቺ እኮ የምታንሾካሹኪው ለአዳራሹ ሙሉ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?»

«ምን እንበል? ድሮ የሚጠይቀን አንድ ሰው ነበር፤ ኋላ ሁለት ሆናችሁ። ምን ጎደለብን?» ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት። «ዛሬስ ምን ሆነሽ ነው?»

ሰበብ አልጠፋትም፤ ግን እውነቱን ተናገረች። «አኩርፌ ነው» አለች።

«ይሁን። እኔን አልጎዳሽኝም። ሰው ሁሉ የባለቤቴን ነገር ሲሸሽ ሦስት ወር ሞላው፤ ዛሬ ለአፍታ ቤቴ ያለች መሰለኝ። ሄደሽ ማየት ያለብሽ እኔን አይደለም።»

ወጥ ቤት ስትገባ እማማ የአትክልት ሳጥን ገልብጠው ተቀምጠዋል። የተናገሩትን ነግረዋቸዋል፤ ከፊታቸው ያስታውቃል። ጋሼ ከፊታቸው ቁጢጥ ብሎ፣ «ከነገ ጀምሮ ትረፊ፣ እማዬ። ጠዋት ጠዋት እመጣለሁ፣ ልጆቹንም አመጣልሻለሁ» ይላል። እማማ ወለሉን ያያሉ። ሼፉ ጭልፋውን እንደያዘ ቆሟል፤ ድስቱ ይፈላል።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች መርፌ። «በር ላይ የምነግራቸው እኔ ነኝ። ዛሬ ሆን ብዬ ዝም አልኩ።»

«ምኑን ነው የምትነግሪያት?»

«ጥያቄውን። የሁሉንም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ።»

ጋሼ ተነሣ። ልታድናቸው መጥታ ጭራሽ ጉድጓዱን እንደቆፈረችላቸው የገባት ያን ጊዜ ነው። «ይኸው!» አለ። «ሁለት ዓመት! እኔ በር ላይ ዛሬ የጀመራት መስሎኝ ነበር። ይህንን ሰምቼ እንዴት ነው በር ላይ የማቆማት? ንገሪኛ፣ አንቺ ሁሉን አዋቂ!»

«ቆይ» አሉ እማማ። ከሳጥኑ ላይ ሳይነሡ መርፌን ቀና ብለው አዩዋት። «አውቀሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«አውቄ ነው፣ እማማ።»

«ጠዋት ስለሰደብኩሽ።»

«ስለሰደቡኝ።»

 «ልክ ነሽ። እኔም ብሆን ዝም እል ነበር» አሉ። ሼፉ ሳቁን በሳል አስመስሎ ዋጠው። እማማ ግን ወደ ልጃቸው ዞረዋል። «ስማኝ ልጄ። መርሳቱን ረስቻለሁ፤ እውነት ነው። ጠዋት ጠዋት የአንተንም ስም የምፈልግበት ቀን አለ። ዛሬ ያዋረደኝ ግን መርሳቴ አይደለም፤ ያልረሳሁ መስዬ መቆሜ ነው። የተሸሸገ ነገር ነው ሲገለጥ የሚያሳፍረው። ያልሸሸግነውን ማን ይገልጥብናል?»

«ሰው ምን ይላል፣ እማዬ?»

«ሰው የሚለውን ሰውን ሂድና ጠይቀው። በር ላይ ነው ያለው። ለመሆኑ በሩን ማን ይዞታል?»

ተያዩ። ማንም አልያዘውም። ከአዳራሹ የወንበር መጎተት ይሰማል፤ ሰዉ ራሱን በራሱ እያስቀመጠ ነው። እማማ እጃቸውን ዘረጉ፤ መርፌ አነሣቻቸው።

«ከእንግዲህ ከኋላዬ አትቁሚ» አሏት። «ከጎኔ ቁሚ። ጮክ ብለሽም ንገሪኝ። ያ ሹክሹክታሽ ጆሮዬን ሲያሳክከኝ ነው የኖረው።»

ጋሼ መንገድ ዘግቶ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። እናቱ ፊቱ ሲደርሱ ቆሙና ጠበቁ፤ እንግዳ እስኪገባ እንደሚጠብቁት፣ ሳይቸኩሉ። እሱም ቆየና፣ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ።

መጀመሪያ የሄዱት ወደ ሰዓት ሠሪው ነው። «ልጄ፣ አጠፋሁ» አሉ እማማ፤ አዳራሹ እየሰማ። «ጭንቅላቴ ከድቶኛል። ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ተባብለናል» አሉ ሰዓት ሠሪው ተነሥተው። «ይልቅ በሩን ይያዙልን፤ ሾርባዬን ነፋስ መታው።»

ፖስተኛው ደፉ ላይ እየጠበቀ ነበር። መርፌ ሙሉ ድምፅ አወጣች፤ ድምፅ መቼም አላነሳት፤ «እማማ! ፖስተኛው ናቸው! ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እሱን ይጠይቋቸው!»

ሰዉ ሁሉ ዞረ። እማማ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ሰማህ አይደል ያለችውን?»

«እኔስ ሰማሁ» አለ ፖስተኛው፤ «ከዚህ ማዶ ያለውም ሰፈር ሳይሰማ አይቀርም። ዛሬ ግራው ነው፣ እማማ።»

ሳቁ ከጥግ ጥግ ሄደ። መርፌ ጋሼን ፈለገችው፤ ጀርባውን ሰጥቶ ያንኑ አንድ ጠረጴዛ ደጋግሞ ይወለውላል።

አንድ ዓመት ከሦስት ወር እንዲህ ጎን ለጎን ቆሙ። ጥቂት ቆይቶ ሰዉ ራሱ ለመደው፤ ገና በሩን ሲገፋ «እማማ፣ እኔ የድመቷ ነኝ» «እኔ የመኪናው» እያለ ይገባ ጀመር። ኋላ እግራቸው እምቢ እስኪላቸው ድረስ እማማ አንድም ቀን አልቀሩም። መርፌ ከዚያ ዘመን ሁሉ አንድ ቀን መልሰሽ ውሰጂ ቢሏት ግን የምትወስደው ያንኑ እሑድ ነው፤ ፖስተኛው ከተቀመጠ በኋላ ያለውን።

በሩ አቃሰተና አንዲት ሴት ሦስት ልጆች አስከትላ ገባች። ትንሿ ልጅ አንድ እግሯ ላይ ብቻ ጫማ አድርጋለች። እማማ እጃቸውን አነሡ፤ ፊታቸው ዞረ፣ ፈለገ፣ አጣ። አላፈሩም፤ ወደ መርፌ ዘንበል አሉ።

«ይቺስ?»

መርፌ መቶ አርባውን ጥያቄ ከላይ እስከ ታች በረበረችው። የለችም።

«አላውቃትም፣ እማማ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ዓይኗን አይቼው አላውቅም።»

የእማማ ፊት እንደ ልጅ ፊት ፈካ። «እሰይ! እኔም አላውቃትም። እንግዲህ እኩል ነን» አሉና ጉልበታቸውን ይዘው ወደ ትንሿ ልጅ ጎንበስ አሉ።

«እስቲ ንገሪኝ የኔ እናት፤ ሌላኛው ጫማሽ የት ሄደብሽ?»